«ኳ»፣ «ጧ» እና «ቀጭ» ይለዋወጣሉን?

ጥያቄ፦ «ኳ»፣ «ጧ»፣ «ድው» እና «ቀጭ» ሁሉም አጭርና ድንገተኛ ድምፅን ስለሚገልጹ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ ተቀራራቢ ቢሆኑም እንደ ልብ አይለዋወጡም። «ኳ» ጠንካራ ነገር ከጠንካራ ሲጋጭ የሚሰማ ሲሆን፣ «አንኳኳ» እና «ኳኳታ» የሚሉት ቃላትም ከእርሱ ጋር ይዛመዳሉ። «ቀጭ» ደረቅ እንጨት ሲሰበር፣ «ጧ» ደግሞ ፊኛ ሲፈነዳ ወይም ያ ራሱ ገርፎ ራሱ የሚጮኸው ጅራፍ ሲሰማ ይስማማል፤ «ጅራፉ ቀጭ አለ» ብንል ሰሚው የተሰበረ ነገር ይፈልጋል። በኃይል ለተዘጋ በር «ድው» ይሻላል። ቃላቱ ብቻቸውን እንደ ግስ ስለማይረቡ፣ ድምፁ በራሱ ሲመጣ «አለ»ን፣ አድራጊ ሲኖረው «አደረገ»ን ያስከትላሉ። ከጉሮሮ ታፍኖ የሚወረወረው የ«ቀ» እና የ«ጠ» አነጋገር፣ በእኔ ጆሮ፣ ለስለታምነታቸው ሳያግዝ አይቀርም።