ስኬሉ 1:100 ተብሎ ልኩ ለምን ግማሽ ሆነ?

ጠያቂያችን ፕላኑ ላይ ስኬሉ (የሥዕሉና የእውነተኛው ልክ ምጣኔ) 1:100 ተብሎ እንደተጻፈ፣ 4 ሜትር የተባለውን ክፍል በማስመሪያ ሲለኩት ግን 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንደሆነብዎት ገልጸው፣ የተሳሳተው ፕላኑን የሣለው ድራፍትስማን ነው ወይስ እርስዎ ብለዋል። እንደሚመስለኝ ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። በ1:100 ስኬል 4 ሜትር በወረቀት ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በትክክል በግማሽ ማነሱ ለኤ1 ወረቀት የተዘጋጀ ሥዕል በኤ3 ታትሞ እንደደረስዎት ያመለክታል። ኤ1 841 በ594፣ ኤ3 ደግሞ 420 በ297 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ርዝመቱ ሁሉ በግማሽ ቀንሶ፣ በእጅዎ ያለው ፕላን 1:200 ሆኗል፤ ጽሑፉ ግን እንደነበረ ቀርቷል።

ይህ ስህተት በዓይን ስለሚያስታውቅ ብዙም አያሰጋኝም። የሚያሰጋኝ ትንሿ ቅናሽ ናት። ከዓመታት በፊት በምቆጣጠረው የመኖሪያ ቤት ሥራ ላይ የ1:50 ፕላን ሲታተም ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ 5 በመቶ ያህል አንሶ ነበር። የአንዱ መስኮት ስፋት ሳይጻፍ በመቅረቱ ግንበኛው ማስመሪያ አንሥቶ ለካ፤ 24 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት 23 ስለሆነበት 1 ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር ክፍት ትቶ ብሎኬቱን ገነባ። ፍሬሙ 1 ሜትር ከ20 ሆኖ ሲመጣ ግድግዳውን በመሮ ማፍረስ ግድ ሆነ። ግንበኛውን ልወቅሰው አልቻልኩም፤ ልኩን ሳንጽፍ፣ ኅትመቱንም ሳናጣራ የሰጠነው እኛ ነበርንና።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ፕላን እጄ ሲገባ ልኩ ከተጻፈባቸው መስመሮች ረጅሙን መርጬ እለካለሁ። በ1:50 የተሣለ 10 ሜትር ግድግዳ 20 ሳንቲ ሜትር መሆን ስላለበት የ5 በመቶ ቅናሽ ሙሉ 1 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይታያል፤ በአጭር መስመር ላይ ግን ከማስመሪያው ጭረቶች መካከል ይሰወራል። በአውቶካድ (በኮምፒውተር የሥዕል ፕሮግራም) የሚሠሩ ባልደረቦቼንም ቤቱን በእውነተኛ ልኩ ሥለው ስኬሉን በሌይአውት (ሥዕሉ ለኅትመት በሚደራጅበት ገጽ) ላይ እንዲሰጡ፣ ከሥዕሉ ጋር አብሮ የሚያንስና የሚያድግ ግራፊክ ስኬልም (በሜትር የተከፋፈለ መስመር) ከግርጌ እንዲያኖሩ እጠይቃለሁ። የደረጃ ዝርዝር በ1:20፣ የብረት አቀማመጥ በ1:10 በአንድ ወረቀት ላይ ከተሣሉ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሥር የየራሱ ስኬል መጻፍ አለበት።

ኅትመቱ ትክክል ቢሆን እንኳ በ1:100 የግማሽ ሚሊ ሜትር መስመር ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በማስመሪያ የተገኘ ልክ ለግምት እንጂ ለግንባታ አይበቃም። ስለዚህ በእርስዎ ፕላን ላይ የሚሠራው የተጻፈው 4 ሜትር ነው፤ ያልተጻፈ ልክ ካጋጠመዎት አርክቴክቱን ጠይቀው፣ በፕላኑ ላይ በፊርማው ካሰፈረልዎት በኋላ ብቻ ሥራውን ያስቀጥሉ።