ጥንቸሌ እጅ አትለምድም ለምትሉ፦ የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ

እንደ ቃሌ መጥቻለሁ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ ጓሮዬ ውስጥ ጥንቸል ማርባት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሐኪም ግን አይደለሁም። አስቀድሜ አንድ ነገር፦ ጆሮዋን ይዞ የሚያነሣ ካለ፣ መጀመሪያ እሱን ይተውና ከዚያ ይጠይቀኝ።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ ጋሼ፣ ከገዛኋት ሦስት ሳምንቷ ነው። ላነሣት ስል ትራገጣለች፣ ክንዴን ቧጨረችው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አታንሣት። ጭላት ሲያንዣብብ ጫጩቶች የሚሆኑትን አይተህ የለ? ጥንቸልም እንደዚያው ናት፤ ከላይ የመጣ ነገር ከመሬት ብድግ ካደረጋት ተበላሁ ነው የምትለው። ስለዚህ አንተ ወደሷ ውረድ። ማታ 12 ሰዓት ገደማ ወይም ጎህ ሲቀድ፣ እሷ በምትነቃበት ሰዓት፣ ሰሌን አንጥፈህ ተቀመጥ። አትጥራት፣ አትከተላት፤ ስልክህን እያየህ ዝም በል። የበሶብላ ቅጠል አጠገብህ ጣል አድርግ። አሽትታህ ትሄዳለች። ትሂዳ! መሄድ እንደምትችል ስታውቅ ነው የምትመለሰው። ዓይኖቿ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ከኋላዋ ያለውን ታያለች፤ አፍንጫዋ ሥር ያለውን ግን አታይም። እጅህን ድንገት ፊቷ ላይ ከሰደድክ ትደነብራለች፤ ከጎን አምጣው። ከለመደችህ በኋላ ግንባሯንና በጆሮዎቿ መካከል ያለውን ዳብስ፤ አገጯንና ሆዷን ተው። ጥርሷን በቀስታ ስታንቀጫቅጭ ከሰማህ ተመችቷታል። ኃይለኛ ማፋጨት ከሆነ ግን ሕመም ነው።

ጀማሪ፦ በስንት ቀን ትለምዳለች?

መልስ፦ እንደ ጥንቸሏ።

ጣና ዳር፦ እኛ ልጅ ሳለን በጆሮ ነበር የምናነሣው፤ ምንም አልሆነችም።

መልስ፦ የኔታ ጆሮህን ቆንጥጠው ሲያነሡህስ ምንም አልሆንክም?

የዘንዘልማዋ፦ ጥፍሯን ለመቁረጥስ? ያኔ ማንሣት ግድ ነው።

መልስ፦ ይኼ ነው ጥያቄ! አንድ እጅሽ ከፊት እግሮቿ ኋላ ደረቷ ሥር፣ ሌላው መቀመጫዋ ሥር፤ ከዚያ ደረትሽ ላይ ልጥፍ። መቀመጫዋ አየር ላይ አይንጠልጠል። የኋላ እግሯ ጉልበተኛ ነው፣ አጥንቷ ግን ቀላል፤ በገዛ እርግጫዋ ወገቧን የምትሰብር አለች። የተሰበረ ወገብ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ቆመሽ አትለማመጂ። ተቀምጠሽ፣ አንድ ጣት ያህል ብቻ ከፍ አድርገሽ መልሻት፣ ቅጠል ስጫት። በማግስቱ ትንሽ ጨምሪ። ስታወርጃት መቀመጫዋ ቀድሞ መሬት ይንካ፤ ዘላ ከእጅሽ እንዳትወርድ። ለጥፍሩ በፎጣ ጠቅልለሽ አንድ አንድ እግር እያወጣሽ ቁረጪ። ውስጡ ቀዩን ደም ሥር አትንኪ። በአንድ ቀን አራቱንም እግር መጨረስ የለብሽም።

ጣና ዳር፦ በጀርባዋ ሳጋድማት ግን ጸጥ ትላለች፤ ወደደችው ማለት ነው።

መልስ፦ አይደለም። ፍርሃት ነው ያደረቃት። ይኼን ስንት ጊዜ ልናገር?

የቤዛዊት ሰው፦ ይቅርታና፣ ዘሌዋውያን 11 ላይ ጥንቸል ርኩስ ተብላ የለ? እንዴት ታቅፏታላችሁ?

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ አትብሉ ነው የተባለው፤ ማን በላት?

የቤዛዊት ሰው፦ በድናቸውንም አትንኩ ይላል።

የዘንዘልማዋ፦ የኔዋ በሕይወት አለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

መልስ፦ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። ወደ ጥንቸሏ እንመለስ።

ሰላም ነው፦ ጥንቸሌ ትፈራለች፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ምኑን ትፈራለች? የት ነው የምታሳድራት? ውሻ አለ? ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ሰላም ነው፦ ባጃጅ ሲያልፍ የኋላ እግሯን መሬት ላይ ትደቃለች።

መልስ፦ እንዲህ አትልም ኖሯል! «አደጋ አለ» ማለቷ ነው። ቤቷን ከመንገዱ ግድግዳ አርቅላት፤ የምትሸሸግበት ሁለት ቀዳዳ ያለው ካርቶን አስገባ። ካርቶኑ ውስጥ ሳለች እጅህን አትስደድ። የሷ ክልል ነው።

ጀማሪ፦ ምግቧስ? ካሮት ብቻ ነው የምሰጣት።

መልስ፦ ዋናው ድርቆሽና ሣር ነው፤ ካሮት ከረሜላዋ ነው። አቮካዶ ፍሬውም ቅጠሉም መርዝ ነው፤ ጓሮአችሁ ዛፉ ካለ ተጠንቀቁ። ግማሽ ቀን ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ጋ ውሰዳት፣ እኔን አትጠብቅ።

የዘንዘልማዋ፦ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጭራሽ አታስነካም።

መልስ፦ ሙቀቱ ነዋ። ሙቀት የምታወጣው በጆሮዋ ነው፤ አንቺ ደግሞ አቅፈሽ ትጨምሪባታለሽ። በሃይላንድ ያቀዘቀዝሽውን ውሃ በጨርቅ ጠቅልለሽ አጠገቧ አኑሪላት፣ ማቀፉን ለማታ አቆዪው።

ጀማሪ፦ ወንድ ይሁን ሴት እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ሐኪም ያሳይህ።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ ጋሼ፣ እስካሁን ሰሌኑ ላይ ነኝ። አሁን መጥታ ካልሲዬን ነክሳ ሄደች። ተናዳ ነው?

መልስ፦ እየቀመሰችህ ነው። አጠገብህ ያለውን የቻርጀር ገመድ ግን አሁኑኑ አንሣ፤ ቀጥሎ እሱ ነው።