ክፍል ውስጥ የማይጠፋኝ ቃል ካሜራ ፊት ለምን ይጠፋኛል?

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ላለፉት 11 ዓመታት ከ60 የማያንሱ ተማሪዎች በሚቀመጡበት ክፍል ስናገር ተጨንቄ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ለማጠናከሪያ የሚሆኑ አጫጭር ትምህርቶችን በቪዲዮ ቀርጸን በቴሌግራም ለተማሪዎቻችን እንድንልክ ከባልደረቦቼ ጋር ተስማማን። ስልኩን ማቆሚያው ላይ አድርጌ መቅረጽ ስጀምር ግን አፌ ይደርቃል፣ ድምፄ ይቀጥናል፣ ለዓመታት ያስተማርኩትን ነገር እንኳ እዘነጋለሁ። አንዱን የአምስት ደቂቃ ትምህርት 14 ጊዜ ጀምሬ፣ መሀል ላይ እያቋረጥኩ ሁሉንም አጥፍቻለሁ። ባልደረቦቼ «ተማሪዎችሽ ፊት እንደቆምሽ አድርገሽ አስቢ» ይሉኛል፤ ሞክሬው አልሆነልኝም። እንዲህ ያለ ዐይነ አፋርነት በዚህ ዕድሜ ይለቃል?
*መ. ከደሴ*

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ በስልሳ ተማሪዎች ፊት 11 ዓመት የቆመ ሰው ዐይነ አፋር ነው ለማለት እቸገራለሁ። ካሜራው የወሰደብዎት አድማጭዎን ነው ብዬ አምናለሁ፤ መፍትሔውም ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።

በአማርኛ ስንጨዋወት ተናጋሪው ብቻውን አይናገርም። አድማጩ «እሺ»፣ «እህ»፣ «ውይ» እያለ፣ አንዳንዴም ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ መስማማቱን እየገለጸ ወሬውን አብሮ ይሸከማል። በስልክ ስናወራ ይህ ድምፅ ከወዲያኛው ጫፍ ለጥቂት ጊዜ ሲጠፋ «ሃሎ፣ አለህ?» የምንለው ያለ እሱ መቀጠል ስለሚከብደን ነው። እርስዎም ክፍል ውስጥ ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ግንባሯን ስትቋጥር ምሳሌውን ደግመው ይሠራሉ፤ ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ሲያቀረቅሩ ፍጥነትዎን ይቀንሳሉ። ሌንስ ከዚህ አንዱንም አይመልስልዎትም። ዝምታውን አእምሮ እንደ ወቀሳ ሲወስደው ሰውነት ለአደጋ እንደሚዘጋጀው ይዘጋጃል፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ምራቅ ይቀንሳል፣ የጉሮሮ ጡንቻዎችም ይወጠራሉ። የአፍዎ መድረቅና የድምፅዎ መቅጠን ምክንያቱ ይኸው ነው።

አስተዳደጋችንም የራሱ ድርሻ አለው። ብዙዎቻችን ትልቅ ሰው ሲያናግረን ዐይናችንን መሬት ላይ ጥለን እንድንሰማ ተነግሮን አድገናል፤ አንገቷን የደፋች መባል ለሴት ልጅ ምስጋና ነበር። ካሜራ ግን ከጀርባው ማን እንዳለ የማይታወቅን ዐይን ሳይነቅሉ ትክ ብሎ ማየትን ይጠይቃል። «ታይታ ወደደች» እባል ይሆን የሚለው ይሉኝታም ይጨመርበታል። ይህን አስተዳደግ እንዲንቁት አልመክርም፤ ሌንሱን ማየት ትምህርቱን ያላገኘችን አንዲት ተማሪ ማየት መሆኑን ሰውነትዎ እስኪለምደው ግን ጊዜ ይስጡት።

የባልደረቦችዎ ምክር ያልሠራው የተጨነቀ ሰው በሐሳቡ ስልሳ ተማሪ ሊፈጥር ስለማይችል ይመስለኛል። ስለዚህ አንድ እውነተኛ ሰው ያስቀምጡ። ተማሪ፣ እኅት ወይም ጎረቤት ትሁን፤ ፊቷ ከሌንሱ ጋር እንዲስተካከል ከስልኩ ጀርባ ትቀመጥና ያልገባት ነገር ሲኖር በፊቷ ታሳይዎት። ከስልኩ የፊት ካሜራ ይልቅ በኋላው ይቅረጹ፤ የራሱን ምስል እያየ የሚናገር ሰው ግማሽ ሐሳቡ ነጠላው ላይና ፀጉሩ ላይ ነው። ይህም ከከበደዎት የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ትምህርቶች እጅዎና የሚጽፉበት ወረቀት ብቻ እንዲታዩ አድርገው ይቅረጹ። ፊትዎ በኋላ ይደርሳል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ 14 ጊዜ ማጥፋትዎ ነው። ቀረጻውን ባቋረጡ ቁጥር ወዲያው እፎይ ይላሉ፤ ያ እፎይታ ደግሞ ሰውነትዎን «መዳኛው መሸሽ ነው» ብሎ ያስተምረዋል፤ በቀጣዩ ሙከራም ፍርሃቱ ብሶ ይመጣል። ፍርሃት የሚቀንሰው ውስጡ ቆይተው ምንም ክፉ ነገር እንዳልደረሰ ሲያዩ ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ ያውጡ፦ የተጀመረ ቀረጻ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ቃል ሲጠፋዎት ሁለት ሰከንድ ዝም ይበሉና ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይድገሙት፤ ዝምታው በኋላ ተቆርጦ ይወጣል። የቀረጹትን በዕለቱ አይመልከቱ፤ በማግስቱ፣ ድንጋጤው ከሰውነትዎ ከወጣ በኋላ ይመልከቱት። ትምህርቱን ከነቃሉ ለመሸምደድም አይሞክሩ፤ የተሸመደደ ንግግር አንድ ቃል ሲጎድለው ሌላውን ይዞ ይወድቃል። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ይያዙ፤ የቀረውን ሦስት ነጥብ አድርገው በትልልቅ ፊደል ይጻፉና ከሌንሱ ጎን ይለጥፉት።

ጭንቀትዎ ለእርስዎ የሚሰማዎትን ያህል ለተመልካች አይታይም። ኬኔት ሳቪትስኪ እና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ተናጋሪዎች ፍርሃታቸው ለሰው የሚታየውን መጠን አጋንነው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። ይህ ከንግግራቸው በፊት የተነገራቸው ተሳታፊዎች ካልተነገራቸው የተሻለ ተናግረዋል፤ የተሻሉ መሆናቸውን እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አድማጮቻቸውም መስክረዋል። ስለዚህ ይህን አንቀጽ ከመቅረጽዎ በፊት መልሰው ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ከቀረጻው በፊት ጥቂት ደቂቃ እስከ አራት እየቆጠሩ ትንፋሽ ይሳቡና እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያውጡ፤ ረዘም ያለ አወጣጥ የልብ ምትን ያረጋጋል። ቡናውም ከቀረጻው በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የፈጠነን ልብ አቦል ይበልጥ ያፈጥነዋል። ችግሩ ከካሜራ አልፎ በስብሰባ፣ በለቅሶ ቤትና በገበያ ሰው እስከ መሸሽ ቢያደርስዎት ኖሮ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያማክሩ እመክርዎት ነበር፤ በጻፉት ውስጥ ግን ይህ አይታየኝም።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በቪዲዮ የምሰማው ድምፅ የእኔ አይመስለኝም፤ ፊቴም የተጣመመና አፍንጫዬ የገዘፈ ሆኖ ይታየኛል። ስልኩ ነው ወይስ እኔ እንደዚህ ነኝ?
*ከአዳማ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስትናገር ድምፅህ ወደ ጆሮህ የሚደርሰው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅልህ አጥንት በኩልም ነው፤ አጥንቱ ወፍራሙን የድምፅህን ክፍል ስለሚያጎላው ለራስህ ደልደል ብሎ ይሰማሃል። ማይክሮፎን የሚይዘው በአየር የሚመጣውን ብቻ ስለሆነ ቀጥኖ ታገኘዋለህ። ፊትህንም የምታውቀው ከመስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ ግራና ቀኙን ይገለብጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ በታተመ ጥናት ሰዎች የተገለበጠውን የራሳቸውን ፎቶ ሲመርጡ ጓደኞቻቸው ግን ያልተገለበጠውን መርጠዋል፤ ሁሉም የወደደው የለመደውን ነው። አፍንጫህን ያገዘፈው ርቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ስሌት እንደሚያሳየው ከ30 ሴንቲ ሜትር የተነሳ ፎቶ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ስልኩን አንድ ሜትር ተኩል አርቀህ፣ በዐይንህ ቁመት ልክ አስቀምጠህ እንደገና ቅረጽና የሚያውቅህን አንድ ጓደኛህን አሰማው። ድምፁ የማን እንደሆነ እሱ ይነግርሃል።