ስፓሙን ላስወጣ ብዬ እንግዶቼን አባረርኩ?

ጥያቄ፦ ስለ ሐረር የምጽፍበት በዎርድፕሬስ የተሠራ ድረ ገጽ አለኝ። የጀጎል ቤቶች፣ ገበያው፣ ምግቡ፣ የድሮ ፎቶዎች አሉበት። የአስተያየት መስጫው ግን ከእጄ ወጥቷል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ያልተጠራ ማስታወቂያ፣ ስፓም የሚሉት፣ ይጎርፋል። ሁለት ሰዎች ደግሞ «ጅብ» እየተባባሉ ሲሰዳደቡ ቃሉን የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ ጅብ ማብላት በጻፍኩት ሥር የደህና ሰዎች አስተያየት እየጠፋብኝ ነው። ወዳጄ «በላቲን ፊደል የተጻፈውን በሙሉ ዝጊው፣ ትገላገያለሽ» ይለኛል። ልዝጋው? ከፕለጊኖቹ፣ በዎርድፕሬስ ላይ ከሚጨመሩት ትናንሽ ፕሮግራሞች፣ የትኛው ይሻለኛል?
(ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ አንቱታውን ትተን አንቺ ልበልሽ።

ላቲኑን አትዝጊው። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ጉዳዩ በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው። ኦሮምኛ የሚጻፈው በቁቤ ነው፣ ሶማልኛም በላቲን ነው። ሐረርን የሚያውቋት ሰዎች ግማሾቹ በእነዚህ ቋንቋዎች ነው የሚጽፉልሽ። ውጭ ያደገውም ልጅ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፈዋል፣ ስልኩ ላይ የግዕዝ ኪቦርድ የለውምና። ላቲኑን ስትዘጊ ማስታወቂያው ብቻ ሳይሆን ጎረቤትሽም ይወጣል።

ወደ ጅቡ ልምጣ። ሴቲንግ ውስጥ «ዲስከሽን» የሚለውን ስትከፍቺ የቃላት ዝርዝር የሚጻፍባቸው ሁለት ሳጥኖች ታያለሽ። አንደኛው ቃሉ ያለበትን አስተያየት እስክታዪው ድረስ ያቆይልሻል። ሁለተኛው፣ የተከለከሉ ቃላት የሚባለው፣ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይወረውረዋል። አንቺ የተጠቀምሽው ሁለተኛውን ነው። ዛሬውኑ ወደ መጣያው ገብተሽ እይ፤ ዎርድፕሬስ ብዙውን ጊዜ ለ30 ቀን ያቆየዋል፣ ከዚያ ያጠፋዋል። ደህና ደህናውን መልሺ።

ዝርዝሩ በአማርኛ እንዴት እንደሚሠራም እወቂ። ቃሉን የሚፈልገው በሌላ ቃል ውስጥም ቢሆን ነው። «ጅብ» ብለሽ ከጻፍሽ «የጅብ»፣ «ለጅብ»፣ «ጅብነት» ሁሉ ይያዛል። «ጅቡ» እና «ጅቦች» ግን ያመልጣሉ፣ ፊደሉ ተቀይሯልና። «ሌባ» ካልሽ «ሌባው» ይያዛል፣ «ሌቦች» ያልፋል። ተሳዳቢው ደግሞ ሀ-ውን በሐ፣ ሰ-ውን በሠ ቀይሮ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ስድብን በቃል ዝርዝር አጠፋለሁ ብለሽ አትድከሚ። በሐረር ላይ የሚጽፍ ሰው ጅብን ከልክሎ የት ይደርሳል? ቃሉን ካስፈለገሽ በመጀመሪያው ሳጥን አድርጊው፣ አስተያየቱ ቆሞ ይጠብቅሽ፣ አንብበሽ ወስኚ።

ማስታወቂያው ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ለማሽን ተዪለት። «ድንቅ ጽሑፍ ነው፣ ብዙ ተማርኩበት» የሚል ሰው መጥቶ ስሙ የቁማር ቤት ስም ከሆነ፣ የመጣው አንቺን ሊያመሰግን ሳይሆን ሊንኩን ሊጥል ነው። አስተያየት ውስጥ ያለ ሊንክ በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ያደርገናል ብለው ያስባሉ። ጉግል በ2005 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ሊንክ እንዳይቆጠር የሚያደርግ ምልክት አወጣ፣ ዎርድፕሬስም በአስተያየት ሊንኮች ላይ ያደርገዋል። እነሱ ግን አልተዉም። ስለዚህ የምመክርሽ፣ አስተያየት ሲጻፍ ስምና ኢሜይል ከሚጠየቅበት ሥር ያለውን የድረ ገጽ አድራሻ ሳጥን አንሺው። የሚያነሱ ነፃ ትናንሽ ፕለጊኖች አሉ። ማጥመጃው ሲነሳ ብዙው ይቀንሳል።

ከፕለጊኖቹ ሁለቱን ልንገርሽ። አኪስሜት የዎርድፕሬስ ዶት ኮም ባለቤት የሆነው የአውቶማቲክ ኩባንያ ሥራ ነው። አስተያየቱን ወደ ራሱ ሰርቨር ልኮ ይመረምራል። ለግል ድረ ገጽ በነፃ ነው፤ ማስታወቂያ ወይም ሽያጭ ካለሽ ግን ይከፈልበታል። ቅንብሩ ላይ «የባሰውን ዝም ብለህ ጣል» የሚል ምርጫ ታገኛለሽ። አትምረጪው፤ ሁሉም ስፓም ማህደር ውስጥ ይግባ፣ አንቺም አልፎ አልፎ ተመልከቺው። ሁለተኛው አንቲስፓም ቢ ነው፤ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ነፃ ነው። በውስጡ በቋንቋ እና በአገር የሚከለክሉ ምርጫዎች አሉት። ሁለቱንም ምልክት አታድርጊባቸው። አንባቢሽ ቶሮንቶ ወይም ጅዳ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ ፕለጊኖች አንዱ ይበቃሻል፣ አንድ ላይ አትጫኛቸው።

በሥዕል ውስጥ ፊደል አንብብ፣ የትራፊክ መብራት ምረጥ የሚለውን አልወድልሽም። በስልክ ዳታ ገጽ እስኪከፈት የሚጠብቅ ሰው እዚያ ላይ ይሰለቻል፤ አንድ ጊዜ ከሰለቸ ተመልሶ አይመጣም። ከዚያ ይልቅ ሰው የማያየው፣ ማሽን ግን የሚሞላው ድብቅ ሳጥን የሚያስቀምጥ ፕለጊን ይሻላል። ያን ሳጥን የሞላ ሁሉ ይወድቃል፣ ሰውም ምንም አያደርግም።

ስድቡን ራስሽ ነው የምታዪው። አንድ ጊዜ ያጸደቅሽለት ሰው በቀጥታ እንዲጽፍ የሚፈቅደውን ምርጫ አብሪው፣ አዲስ ሰው ግን ይጠብቅ። ዎርድፕሬስን በስልክሽ ጭነሽ ቡና እየጠጣሽ አጽድቂ። ብሔርን ወይም ሃይማኖትን አንቋሽሾ ጥላቻ የሚቀሰቅስ ነገር ከመጣ ክርክር አትክፈቺበት፣ አጥፊው። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንዳለ አትርሺ። በብሽሽቅ ብቻ የተጻፈውን ግን ቶሎ አታጥፊ፤ «እዚህ ጋ ስድብ አንፈልግም» ብለሽ በስምሽ መልሺለት። ብዙ ሰው ባለቤቱ እያነበበ መሆኑን ሲያይ ይለዝባል።

ከ14 ቀን በኋላ አስተያየት ዝጋ የሚለውን ምርጫ ብዙዎች ይመክሩታል። ለአንቺ አይሆንም። «የአያቴ ቤት ኤረር በር አጠገብ ነበር፣ ሰፈሩን የሚያውቅ አለ?» የሚል ሰው ጽሑፍሽን የሚያገኘው ከዓመታት በኋላ ነው። ስፓም የሚያጠቃቸውን ጽሑፎች ብቻ አንድ በአንድ ዝጊ።

ይህን የሚጠይቅ ሰው መልስ እንደመጣለት ማወቅ አለበት። ሲመለስለት ኢሜይል የሚልክ ፕለጊን ጫኚ፤ «ሰብስክራይብ ቱ ኮሜንትስ ሪሎድድ» አንዱ ነው። የሰርቨር ኢሜይል ብዙ ጊዜ ስፓም ውስጥ ስለሚገባ፣ በኢሜይል አካውንትሽ በኩል እንዲላክ የሚያደርግ ኤስኤምቲፒ ፕለጊንም አብረሽ ጫኚ። ከዚያ በሌላ ኢሜይል ራስሽ አስተያየት ጽፈሽ ሞክሪው። ደብዳቤው ካልደረሰሽ ጻፊልኝ፣ በሚቀጥለው እትም እናየዋለን።