ያገለገለ ቀፎ ልትገዙ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁኝ

ሰላም ድሬዎች፣ ሐረሮችም ጭምር። ከዚራ አካባቢ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ፣ አስራ ምናምን አመት ሰርቻለሁ። ሰሞኑን ስልክ ይዞ "ይሄ የሌባ ይሆን እንዴ?" እያለ የሚመጣው ሰው በዛብኝ፣ ችግሩ ደሞ ሁሉም የሚመጣው ብሩን ከከፈለ በኋላ ነው። ዛሬ እሁድ ነው፣ ሙቀቱም ከቤት አያስወጣም፣ ያላችሁን ጥያቄ ጣሉ።

ጥያቄ፦ ታይዋን ገበያ አንድ ሳምሰንግ አይቼ ቀብድ ልሰጥ ነው። የተሰረቀ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ቀብዱን ኪስህ መልሰው መጀመሪያ። *#06# ስትመታ 15 ዲጂት ቁጥር ይመጣል፣ አይኤምኢአይ የሚሉት እሱን ነው፣ ሁለት ሲም የሚወስድ ከሆነ ሁለት ቁጥር ታያለህ። ሴቲንግ ውስጥ ካለውና ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያየው፣ አንድ ቁጥር እንኳን ከተለየ ትተህ ሂድ። ከዛ ኢንተርኔት ላይ የአይኤምኢአይ ማጣሪያ ውስጥ አስገባው። የመጀመሪያዎቹ 8 ቁጥሮች የሞዴሉ ስለሆኑ የምን ስልክ እንደሆነ ይነግርሃል፣ በእጅህ ሳምሰንግ ይዘህ እሱ ቴክኖ ነው ካለህ ቁጥሩ ተቀይሯል ማለት ነው፣ ለምን እንደሚቀየር ደሞ ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ ማጣሪያው "ክሊን" ካለኝ ተገላገልኩ አይደል?

መልስ፦ ኧረ አቦ! ክሊን ማለት ማንም አላመለከተም ማለት ነው እንጂ አልተሰረቀም ማለት አይደለም እኮ። ቁጥሩ የታገዱ ስልኮች ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ባለቤቱ ሄዶ ለኔትወርኩ ሲያመለክት ነው፣ ትናንት ማታ ቀፊራ ከሰው ቦርሳ የወጣ ስልክ ዛሬ ጠዋት ክሊን ነው። ደሞ ዝርዝሩን ሁሉም አገር አይጋራውም፣ አሜሪካ የታገደ ቀፎ እዚህ ሲም ስትከትበት እንደ ልቡ ሊሰራ ይችላል። በተቃራኒው ታግዷል የሚልህ ሁሉ የሌባ ነው ማለትም አይደለም፣ እዛ በክፍያ ተወስዶ ብሩ ያልተጨረሰበት ስልክም ይታገዳል። ለማንኛውም እየው፣ ግን እሱን ብቻ አይተህ አትክፈል።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ሐረር ሸዋ በር ነኝ፣ አይፎን ልገዛ ነበር። ሻጩ ሪሴት አድርጌልሻለሁ ብሎ "ሄሎ" የሚለው ላይ አድርሶ አሳየኝ፣ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ እህቴ ሰው የሚበላው እዚህ ጋ ነው። እኔ ራሴ ጠጋኝ ነኝ ባይ ተበልቻለሁ፣ ማታ ነበር፣ ኢንተርኔት አልነበረም፣ ሄሎ ይላል ብዬ ከፍዬ ቤት ገብቼ ዋይፋይ ሳገናኘው የማላውቀውን ሰው አካውንት ፓስዎርድ ጠየቀኝ፣ ሻጩ ስልኩን አጥፍቷል። አይፎኑ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ስክሪኑን ፈትቼ ሸጬዋለሁ። አይፎን ይሄን ሎክ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፣ አንድሮይድም ከ5.1 ጀምሮ የጂሜሉን ሎክ አለው፣ ሌባው በበተን ፎርማት ቢያደርገው እንኳን የድሮውን አካውንት ይጠይቃል። ስለዚህ ሻጩ አይንሽ እያየ አካውንቱን ያውጣ፣ ከሴቲንግ ሪሴት ያድርግ፣ ከዛ በራስሽ ሆትስፖት አገናኝተሽ ሆም ስክሪኑ እስኪመጣ ድረስ ጨርሺው፣ የራስሽን አካውንት አስገቢበት። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መሃል ላይ ስልኩ የሆነ ድርጅት ነው የሚያስተዳድረኝ ካለሽም ተይው፣ የመስሪያ ቤት ንብረት ነው። ቸኩያለሁ ካለ ደሞ ሰላም ዋል በይው።

ጥያቄ፦ ሎኩን ባይፓስ እናደርጋለን፣ ያለ ፓስዎርድ እናልፈዋለን የሚሉት ልጆችስ?

መልስ፦ እኔ አልሰራም።

ጥያቄ፦ አይኤምኢአዩን እዚህ ልጻፍልህና እየልኝ?

መልስ፦ አይ አይ፣ እንዳትጽፍ! ያንን ቁጥር ወስዶ ሌላ ቀፎ ላይ የሚጭነው አይጠፋም። ሱቅ ና።

ጥያቄ፦ የኔ ደቻቱ ጋ ባጃጅ ውስጥ ተወሰደብኝ፣ ካርቶኑን ጥዬዋለሁ፣ ቁጥሩን ከየት አመጣለሁ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ከሁሉ በፊት ሲሙን አዘጋ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ነው፣ ቴሌብርህ እዛ ላይ ነዋ። ከዛ በሌላ ስልክ ጂሜልህን ክፈትና ጎግል ላይ "ስልኬን ፈልግ" የሚለው ውስጥ ግባ፣ ቁጥሩ እዛ ይወጣል፣ ከርቀትም ቆልፈው። ስልኩን ግን ከአካውንትህ ዝርዝር እንዳታጠፋ። ቁጥሩን ይዘህ ፖሊስ ጋ ሂድ፣ ከፖሊስ ወረቀቱ ጋር ኔትወርኮቹን እንዲያግዱት ጠይቅ፣ ሁለቱንም ነው የምልህ፣ ሳፋሪኮም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ድሬ አለ፣ ሌባው ደሞ የፈለገውን ሲም ነው የሚከተው።

ጥያቄ፦ ሳላውቅ የተሰረቀ ብገዛ እኔ ምን አገባኝ?

መልስ፦ ያገባሃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ላይ መሸሸግ የሚባል አለ፣ ያወቀውን ብቻ ሳይሆን ማወቅ የነበረበትንም ይይዛል። የገበያውን ሩብ ከፍለህ፣ ማታ፣ ካርቶን የሌለው ገዝተህ አላውቅም ብትል ማን ያምንሃል? የሻጩን መታወቂያ ፎቶ አንሳ፣ አይኤምኢአዩ የተጻፈበት ወረቀት አስፈርመው፣ ብሩን በቴሌብር ላክ፣ ስሙ ይቀርልሃል።

ጥያቄ፦ የታይዋኑ ሳምሰንግ ነኝ። መታወቂያ ስለው ቤት ረስቼዋለሁ ላምጣ ብሎ ሄደ።

መልስ፦ ስንት ሰአት ሆነው?

ጥያቄ፦ አንድ ሰአት ሊሞላው ነው።

መልስ፦ ቀብድ አልሰጠህም አይደል?

ጥያቄ፦ አልሰጠሁም።

መልስ፦ ግባ ቤትህ በቃ፣ ፀሀዩ ይገልሃል።