የድሮው ዳቦ ቤት ጭስ መውጫ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤት ገዝቻለሁ። ቀድሞ ዳቦ ቤት ነበር። ምድጃው ፈርሷል። ጭስ መውጫው ግን ከጎረቤቴ ጋር በሚያዋስነን ግድግዳ ውስጥ አልፎ በእሳቸው ጣሪያ በኩል ይወጣል። በእሱ ውስጥ አዲስ የአየር ቱቦ አሳልፌ ወደ መኝታ ክፍሎቹ ላደርስ አስቤ ነበር። ጎረቤቴ «የእኔም የከሰል ምድጃ ጭስ በዚያው ነው የሚወጣው፣ እንዳትነኪው» አሉኝ። ሻጩ ደግሞ «ከቤቱ ጋር ተሸጦልሻል» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቱቦውን ገዝተውም ከሆነ ገና አያስገጥሙት።

የሻጩ ቃል ብቻውን አያስኬድዎትም። ማንም ያልነበረውን መብት መሸጥ አይችልም። መጀመሪያ ካርታዎን ይዩ። ግድግዳው የቆመው በእርስዎ ይዞታ ውስጥ ነው ወይስ ወሰኑ ላይ? ወሰኑ ላይ ከሆነ የጋራ ነው የሚል ክርክር ይነሳል፤ የጋራን ነገር አገልግሎት ደግሞ አንዱ ብቻውን አይቀይርም። በጎረቤት ጣሪያ በኩል ማለፍ ራሱን የቻለ መብት ነው፤ ሕጉ የንብረት አገልግሎት ይለዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 እንዲህ ያለው ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የከሰሉ ነገር ነው። የከሰል ጭስ በሚሄድበት መስመር የመኝታ ቤት አየር ማሳለፍ ጨርሶ አይታሰብም። ደሴ ብርድ ነው፤ ማታ በርና መስኮት ጥርቅም ተደርጎ ነው የሚተኛው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ቱቦው መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ከላላ በቀጥታ የተኛ ሰው ላይ ይደርሳል። መውጫው በቱቦው ከጠበበ ደግሞ ጭሱ ወደ ጎረቤትዎ ቤት ይመለሳል። ቁጥር 2077 የሕንጻ ባለቤት ሕንጻው ላደረሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ ሊገመት የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። «አላወቅኩም ነበር» አያድንዎትም።

ጭሳቸውን ልድፈነው ብለውም እንዳያስቡ። «ሁከት ይወገድልኝ» ብለው በቁጥር 1149 ይከሱዎታል። በሌላ በኩል ጭሱና ጥላሸቱ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ እርስዎ ቤት እየገባ ከሆነና ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ከሆነ፣ በቁጥር 1225 እና 1226 እንዲቆም መጠየቅ ይችላሉ።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ቡና አፍልተው ይጥሯቸው፣ አንድ የሚያከብሩት ሽማግሌም ይኑር። ጭሳቸውን በራሳቸው የቆርቆሮ ቱቦ እንዲያወጡ፣ ወጪውን እርስዎ እንዲያግዙ ሐሳብ ያቅርቡ። ከተስማሙ ውሉ ላይ ማን እንደሚያጸዳ፣ ክረምት ላይ ጣሪያው ቢያፈስ ማን እንደሚጠግን በግልጽ ይጻፍና ውልና ማስረጃ ይሂዱ። ግድግዳ ከመነካቱ በፊት የከተማውን የሕንጻ ሹም ፈቃድ ይጠይቁ። ባለሙያም የውስጡን ጥላሸት ጠርጎ ስንጥቅ እንዳለው ይመልከት።

እምቢ ካሉ አይክሰሱ። ቱቦውን በራስዎ ጣሪያ በኩል ያውጡት፤ ከክርክሩ ወጪ ይረክስዎታል።