ከሐዋሳ ወደ ባሌ ተራሮች በብስክሌት

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ከሐዋሳ ተነስተን በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በዲንሾ አድርገን ጎባ፣ ከተቻለም ሳነቴ ድረስ በብስክሌት ለመሄድ አስበናል። ዳገቱን ፈርተነዋል። መቼ እንሂድ? ምን እናዘጋጅ?
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱን ብትፈሩ ይሻላል። ዳገቱን ማርሽ ይፈታዋል፤ የኋላው ትልቁ ቢያንስ 34 ጥርስ ይኑረው፣ የፊቱ ትንሹ ከ30 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ሳይለቀቅ ከቆየ ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱም ካላማዳሪውን ሊያፈነዳው ይችላል። ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ ደግሞ መያዝ ነው። የፍሬኑ ጎማ ቦዮቹ ከጠፉ ከሐዋሳ ሳትወጡ ቀይሩት።

ጭነቱ ሁሉ ከኋላ ከታሰረ ዳገት ላይ መሪው ይቀላል፣ የኋላው ጎማ ሽቦዎችም ይበጠሳሉ። ከባዱን ዝቅ አድርጉ፤ ከፊትም አካፍሉ። ለእያንዳንዱ ብስክሌት 2 ካላማዳሪ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ የሰንሰለት መፍቻ፣ ትርፍ የፍሬን ሽቦ ያዙ።

ከኅዳር እስከ ጥር ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ስለሆነ ወፍራም የመኝታ ከረጢት አይቅር። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዲንሾ ከ3,000፣ ሳነቴ ከ4,000 ያልፋል። ስለዚህ ዲንሾ ወይም ጎባ ሁለት ሌሊት ሳታድሩ ወደ ሳነቴ አትውጡ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ኪኒን ውጦ መቀጠል የለም፤ በዚያው ቀን ውረዱ። የሳነቴ መንገድ ጠጠር ነውና ከ40 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ጎማ አይሆንም።